ኦዜላ ሳትለካ የገዛችው ኮፍያ

የጥጥ ዋጋ እንደ ጉድ በወደቀበት በዚያ ዓመት፣ በዚያች የአላባማ ከተማ ልብስ አጣቢ ሞልቷል፤ የጠፋው ከፍሎ የሚያሳጥብ ነበር። የኦዜላ ባል ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ልጇ ቨርቲ ደረቷ እያፏጨ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት ተኝታለች። ሐኪሙ ደግሞ ጥቁር በሽተኛ ሂሳቡን አስቀድሞ ካልከፈለ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ኦዜላ ያን ቅዳሜ የሚስተር ፕሩይትን የታጠበ ልብስ አድርሳ፣ የወር ክፍያዋን ተቀብላ፣ ከዚያው ወደ ሐኪሙ ልትሮጥ ከቤት ወጣች።

ፕሩይት የሴቶች ኮፍያ ይሸጣል። ኦዜላ በጓሮ በር ገባች፣ ጥቅሉን አስቀመጠች፣ ጥግ ይዛ ቆመች። ነጭ ገበያተኛ እያለ የሷ ወገን አይስተናገድም። የዕለቱ ገበያተኛ ደግሞ የጥጥ መዳመጫው ባለቤት ሚስት፣ ወይዘሮ ታራንት ነበረች። የማትቸኩል ሴት!

ወይዘሮዋ ሰማያዊ ኮፍያ ደፍታ መስታወት ፊት ትሽከረከራለች።

«ከኋላ እንዴት እንደሚሆን አልታይ አለኝ እኮ! አንቺ፣ ነይ እስቲ ወዲህ፣ ባንቺ ላይ ልየው።»

ኦዜላ ክው አለች። የከተማው ጥቁር ሴት ሁሉ ይህን ሳታውቅ አላደገችም። ኮፍያ አይለካም፤ ራስሽን ከነካ ገዝተሽዋል። ጥቁሮቹ ኮፍያ የሚገዙት ጭንቅላታቸውን እቤት በክር ለክተው፣ ክሩን ለሻጩ እያሳዩ ነው።

«እመቤቴ፣ እኔ እንኳ ላብ በላብ ነኝ...»

«ሻሽሽን መች አውልቂ አልኩሽ? ከላዩ ነው። ምን ያስፈራሻል፣ አልበላሽ!»

ኦዜላ ወደ ፕሩይት አየች። ፕሩይት ፈገግ ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የነጭ ሴት ትእዛዝ እምቢ ማለትም ጣጣ አለው። ደግሞስ እኚህን የመሰሉ ሴት በገዛ እጃቸው ካደረጉልኝ ማን ይናገረኛል ብላ አሰበች። ምስኪን! ጎንበስ አለችላት።

ወይዘሮ ታራንት ኮፍያውን ከሻሿ ላይ ደፋችላት፣ ዙሪያዋን ዞረች፣ አጨበጨበች፣ «ሲያምር!» አለች። ኮፍያውን አንስታ ወደ ራሷ ልትወስደው ስትል ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። ውስጡን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ውይ፣ አሁንማ እንዴት አደርገዋለሁ? ሌላ ያሳዩኝ፣ ሚስተር ፕሩይት።»

ግራጫ መረጠች። ፕሩይት እሱን ካስረከበ በኋላ ሰማያዊውን በወረቀት ጠቅልሎ ኦዜላ ፊት አኖረው።

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«ጌታዬ! እሳቸው አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ? እርስዎ እዚሁ ቆመው!»

«ወይዘሮዋን ልትከሺ ነው? ጮክ በይና ድገሚው፣ ሸሪፉም ይስማሽ።»

ወይዘሮ ታራንት ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆና ወጣች።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው ጌታዬ። ክፍያዬን ለሐኪም ብዬ ነው። እባክዎ፣ የሚመጣውን ወር በነፃ አጥብልዎታለሁ።»

«እሱማ የማይቀር ነው» አለ ፕሩይት። «የዚህ ወሩ ብቻውን ለኮፍያው አይበቃም።»

ኦዜላ ጥቅሉን ይዛ ሐኪሙ ጓሮ ደረሰች። ገንዘብ የለኝም፣ አዲስ ኮፍያ አለኝ፣ ለባለቤትዎ ይውሰዱላቸው ብላ ተንበረከከች። ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ማን አድርጎት ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። እሷ ግን ተርበተበተች፣ እጇም ሳታዝዘው ወደ ሻሿ ሄደ። በሩ ተዘጋ።

ቨርቲ ሰኞ ጠዋት ሞተች። ኦዜላ ያላትን አንድ ሻሽ ፈታ የልጇን አገጭ አሰረችበት። ጎረቤቶቿ ቤተ ክርስቲያን ራስሽን ሳትሸፍኚ አትገቢም ብለው ኮፍያውን አመጡላት። እጇን እንኳ አላነሳችም፤ እነሱ ደፉላት።

የሬሳ ሳጥኑን የጫነው የበቅሎ ጋሪ ዋናውን መንገድ ሲያቋርጥ መኪና መጣና፣ ጋሪ ነጂው እንደተለመደው ዳር ይዞ ቆመ። ወይዘሮ ታራንት ከጓደኛዋ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። አንገቷን በመስኮት ብቅ አደረገች።

«አየሻት ያቺን?» አለች ለጓደኛዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «ተራብን ብለው አገሩን ያስለቅሳሉ፤ ለኮፍያ ሲሆን ግን ገንዘብ አይጠፋም።»

ኦዜላ ሰማች። መኪናው እስኪያልፍ ከልጇ ሳጥን አጠገብ አንገቷን ደፍታ ቆመች።