ሳቱርኒና ቤት የገቡ ጎብኚዎች

አክስቷ ሳቱርኒና ካረፈች ወዲህ ኤርሚኒያ የቤቱን በር አልዘጋችም። በፊሊፒንሷ ጥንታዊ ከተማ በቪጋን የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፣ ወለሉ አይጠረግም፣ የመጣ እንግዳም ሂድ ተብሎ አይሸኝም፤ መሸኘት ሞትን ተመልሰህ ና እንደ ማለት ነው። ችግሩ ቤቱ ያለው ጎብኚ በሚርመሰመስበት በአሮጌው የድንጋይ መንገድ ላይ ነው። በስፔኖች ዘመን የተሠራ፣ መስኮቱ በመስታወት ፈንታ ዛጎል የተገጠመለት ቤት በሩ ተከፍቶ ያየ ሁሉ ዘው ይላል። ጠዋት አንዷ ጎብኚ ካፌ መስሏት ለቀስተኞቹ መሃል ቁጭ ብላ ቡና አዘዘች፤ ሲመጣላት ደግሞ ወተቱ አነሰ ብላ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ከማኒላ የመጡ ባልና ሚስት ገቡ። ባልየው ቫለንቲን ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ለሚስቱ ለአውሮራ መንገዱን ሙሉ ሲያስተምር ነው የመጣው። እስከ ቀብሩ ቀን ሳሎኑ ውስጥ የሚቆየው ባለመስታወት ሬሳ ሳጥን ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"በስፔኖች ጊዜ ባለጠጎቹን እንዲህ አድርገው ነበር የሚያስተኟቸው። ይቺ ከሰም የተሠራች ናት። እጇን አየሽልኝ?" አለና የሳጥኑን መስታወት በጣቱ አንኳኳ።

"አክስቴ ናት" አለች ኤርሚኒያ።

ቫለንቲን ጣቱን ሰበሰበ። አውሮራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ይቅር በይን እህቴ፤ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያስገድለኛል።"

ኤርሚኒያ ውጡልኝ ልትል አፏን ስትከፍት የአጎቷ ልጅ ሲምፕሊሲዮ ከካርታ ጨዋታው ቀና አለ። "ኧረ ተይ እትዬ፣ ሌላ ሞት ልትጠሪብን ነው? ጋሼ፣ ቁጭ በሉ፣ ብስኩት ቅመሱ።"

ቁጭ አሉ። አሁን ይሄዳሉ ስትል ቫለንቲን ጭራሽ ተደላደለ። ዛጎሉ ከየት መጣ፣ ምድር ቤቱ ለምን ነበር፣ ጥያቄው ማለቂያ አጣ።

"ሠረገላ ይቆምበት ነበር፤ አሁን የሲምፕሊሲዮ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። ሌላስ?" አለች ትዕግሥቷ አልቆ።

"እሳቸውስ? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው ቤቱ ለማን እንደሚደርስ ነው።

"ነገረኛ ነበረች" አለች ኤርሚኒያ። "ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ስለ ቤታችን የሚዋሽ አስጎብኚ ካገኘች ውኃ ትደፋበት ነበር።"

አውሮራ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። ግን ኤርሚኒያም ስቃ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ሁለቱም ጥቁር ለብሰው መጡ። ቫለንቲን ከሳጥኑ ኋላ እየሄደ ለሚስቱ፣ "የደወሉ ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ የቆመው ለምን ይመስልሻል? የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ..." ሲል ኤርሚኒያ ዞር አለች።

"ጋሼ ቫለንቲን፣ ሲምፕሊሲዮ ወገቡን አሞታል። ሳጥኑን ተቀበሉት።"

ተቀበለ። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ሳቱርኒናም ቀላል ሴት አልነበረችም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

"ከተጋባን ጀምሮ ጆሮዬ እንዲህ አርፎ አያውቅም" ብላ አውሮራ የኤርሚኒያን ክንድ ያዘች።

ኤርሚኒያ ክንዷን አላስለቀቀቻትም፤ እንደተያያዙ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ።