ማንኪያ የሌለው ሲኒ

«ይኼ ሁሉ ሥጋ መሃል ገብቶ ልጁ ልብሽን እንዴት ይሰማዋል?»

አይልት ይህን ያለው የጫማውን ክር እያሰረ፣ እንደ ቀልድ ነበር። ዊብከ ኮቱን አቀበለችው። ባሏ ወደብ ላይ ወዳለው ሥራው ሄደ፤ ጥያቄው ግን እቤት ቀረ።

እርግዝናዋ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ የእናት ክብደት በእሷና በፅንሷ የልብ ምት መናበብ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠኑ ሐኪሞች ዘንድ። ዛሬ እንኳ ቀለል ብዬ ልሂድ ብላ ቁርሷን ተወችው።

ባሕሩን ከመንደሩ ከሚያግደው ግድብ ማዶ ውኃው እንደ ዕለት ልማዱ ለሰዓታት ሸሽቶ፣ ጭጋጉ በጎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ፣ እማማ ታልከ፣ ሻይ አቀረቡ። ዊብከ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ስኳርም ክሬሙንም እምቢ ብላ ማንኪያዋን ወደ ዳር ገፋችው።

«ጥቁሩን ብቻ? ከተሜ ሆንሽብኝ እንዴ?»

«ዛሬ እንዲህ ይሻለኛል፣ እማማ።»

እማማ ታልከ እንግዳው በቃኝ ብሎ ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ እስኪያቆም ድረስ መቅዳት አይተዉም። በዚያ መንደር ማንም አይተውም። ዊብከ ደግሞ ዓይኗ ጭጋጉ ላይ፣ ሐሳቧ ከሆዷ ውስጥ ነበር። ሻዩ ሲቀዳ ድምፁ ከውኃ በታች የሚሰማ ይመስላታል፤ ሲኒው ይጎድላል፣ ይሞላል። ማንኪያዋን ረሳችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነበር። ሆዷ ላይ ሽቦዎች ተለጠፉ። ትንሹ ልብ በእርጥብ አሸዋ ላይ እንደሚሮጥ ውርንጭላ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የራሷም ልብ ያለ ልማዱ ይጋልባል።

«ምን ጠጥተሽ ነው?» አለች ዶክተር ኢንከን።

«ሻይ። ማንኪያዬን ረስቼ…»

ሐኪሟ የዚያው አገር ልጅ ናትና ሳቋን መያዝ አቃታት። «በባዶ ሆድ?»

«ወፍራም ስለሆንኩ ልጁ ልቤን አይሰማውም ብዬ ፈራሁ» አለች ዊብከ። እንባዋ መጣ።

ሐኪሟ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አስመጣችላት፤ በጎኗም አስተኛቻት። ቆየት ብሎ ልቧ ረጋ። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ መስመሮች ለየብቻቸው ሲንከራተቱ ቆዩና፣ ለጥቂት ጊዜ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሁሉ እኩል ሄዱ። ከዚያ ተለያዩ።

«ተለያዩ እኮ!»

«በቀጭኗም እናት ይለያያሉ። ክብደት አካሄዳቸውን ይለውጠው ይሆናል፤ ምን ማለት እንደሆነ ገና አላወቅንም። አትራቢ ብቻ። ልጅሽ ደህና ነው።»

ማታ አይልት ጫማውን ሲያወልቅ ዊብከ መልሱን ሰጠችው።

«የኔና የልጁ ልብ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ። አንተስ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«እንግዲህ ጀመረሽ» አለ አይልት።

እማማ ታልከ የራሳቸውን ማንኪያ ሲኒያቸው ውስጥ አቆሙና ልጃቸውን አዩት።

ከዚያ ማታ ወዲህ የባልና ሚስቱ ንግግር ሁሉ ጠብ ሆነ፤ ሕፃኑ ሳይወለድ አይልት ቤቱን ለቆ ሄደ። እናቱ ከዊብከ ጋር ቀሩ።