ዝም ያለችው ቁልፍ

ከፒያኖው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የአንደኛው ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ታላቅ ወንድሟ የሚያነጋግረው እነዚህን እግሮች ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን አላየውም።

«ሰባት ሰዓት ላይ አናጢው ይመጣል። በኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ጥርሷ መሃል ብሎን ስለያዘች ቃሉ ተጨፍልቆ ወጣ። በሰፈሩ «ብሎኗ» የሚሏት በዚሁ ልማዷ ነው፤ በጥገና ሱቋ ሬዲዮ ስትፈታም ደንበኛ ስታነጋግርም ከአፏ ብሎን አይጠፋም።

«የተነጋገርነውን ታውቂያለሽ። አባባ ቁጭ ብሎ ከተጫወተበት ፒያኖ ነው፤ ይቆያል። ካልተጫወተበት የሳህን ቁምሳጥን ይሆናል።»

«አንተን የሳህን ቁምሳጥን ያድርግህ!»

ወንድሟ ሳይወድ ሳቀና ወጣ።

አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፒያኖ ሲቃኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የራሳቸው ፒያኖ ክሮች የታሰሩበት ብረት በጠራራ ፀሐይ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው «አለቀለት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳሎን የሚገቡት ወደ ሌላ ክፍል ለማለፍ ብቻ ሆነ።

ብሎኗ ግን «አለቀለት» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ስንቱ «ጣይው» የተባለ ዕቃ በእጇ አፍ አውጥቶ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል! ስድስት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ ፒያኖው ውስጥ ገብታ ዋለች። የተሰነጠቀውን ብረት ከነክሮቹ አወጣች። የእንጨት ቁልፎቹንና ክሮቹን ይመቱ የነበሩትን መዶሻዎች ግን አልጣለችም። ክሮቹ በነበሩበት ወፍራም ጨርቅ ዘረጋች፤ በየመዶሻው ትይዩ ምቱን የሚለይ ትንንሽ ሴንሰር በየደች፤ ከጀርባ ካለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ አራት ድምፅ ማጉያ አሰረች። ቁልፉ ሲነካ መዶሻው እንደ ድሮው ይነሳል፤ ድምፁን የምትሰጠው ግን ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ናት። ልፋቱ ሁሉ ጣት ልዩነቱን እንዳያውቅ ነበር። አባቷ ክሮቹ ሲቆረጡ ሰምተው በአጠገቧ ሲያልፉ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ሬሳ ውስጥ ሬዲዮ ታስገቢያለሽ?» ቃሉ አንገበገባት። ሥራዋን ግን አላቆመችም።

አሁን የቀረቻት አንዲት ቁልፍ ናት። ከመሃል በስተቀኝ ያለችው ጥቁር ቁልፍ መዶሻ የላትም። ድሮ፣ ብሎኗ ሳትወለድ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ መዶሻ ተሰብሮ አባቷ ከራሳቸው ፒያኖ ነቅለው ተከሉለት። «ነገ እተካታለሁ» አሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ ያ ነገ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው።

ችግሩ ደግሞ ከዚያ ቀደም ለሚስታቸው የደረሱት ዜማ የሚያርፈው በዚያችው ቁልፍ ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ የጎደለችውን ድምፅ እናትየው ከምታጥፈው ልብስ ቀና ሳትል «እምም» ብላ ትሞላቸዋለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሷ ከሞተች ወዲህ ያ ቦታ ባዶ ቀረ። ቤተሰቡ ክፍተቱን ከመልመዱ የተነሳ ወንድምየው ጢሙን ሲላጭ ሲያፏጭ እንኳ እዚያ ጋ አቁሞ ትንፋሽ ይወስዳል። አባቷ ያስተማሯቸው ልጆችም ቤታቸው ባለው ሙሉ ፒያኖ ላይ ጣታቸውን ያነሳሉ። ዜማው ሲፈጠር እንዲህ የነበረ መስሏቸዋል እኮ!

ብሎኗ በገዛ እጇ የጠረበችውን መዶሻ ከቦታው አስገባች፤ ከአፏ ያወጣችውን ብሎን አጠበቀችና ወደ አባቷ ክፍል ሄደች።

«አባባ፣ ና ተጫወት።»

«በምኑ?»

«በፒያኖህ።»

«ፒያኖዬ ሞቷል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሱ።

«እንግዲያው ና ለቅሶ ድረስ!»

ሽማግሌው በመነጽራቸው አናት አዩዋት። ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ሳያውቁት ግን ተነሱ።

ተቀመጡ። አልተጫወቱም፤ እንደ ቃኚ ከግራ ጀምረው ቁልፎቹን አንድ በአንድ መንካት ያዙ። ከነኩ በኋላ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። «ክብደቱ የድሮው ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ቅኝቱ ከልክ በላይ ልክ ነው» ብለው አጉረመረሙ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልታወቀም። ጥቁሯ ቁልፍ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ዘለሏት። ብሎኗ ከትከሻቸው በላይ እጇን ዘርግታ ተጫነቻት።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አባቷ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የእናትሽን ቦታ በሽቦ ሞላሽው?»

«የእማማን ድምፅ አልሠራሁም፣ አባባ። መሥራትም አልችልም። መዶሻ ነው የሠራሁት።»

«አጥፊያት።»

«አላጠፋትም።»

«አጥፊያት አልኩሽ!»

ከልጅነቷ ጀምሮ ለእኚህ ሰው እንቢ ብላ አታውቅም። «አላጠፋትም» አለች ደግማ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ባዶ ቦታ ሰማሁት። እማማ ሞላችው እንጂ ባዶውን አልፈጠረችውም፤ የፈጠርከው አንተ ነህ። ነገ እተካታለሁ አላልክም? ነገዋ ዛሬ ናት!»

ሽማግሌው ለመሄድ ብድግ ብለው ግማሽ መንገድ ላይ እያሉ በሩ ተከፈተ፤ ወንድሟ ገመድ በትከሻው ካንጠለጠለ አናጢ ጋር ገባ። አናጢው ሰላምታውን ሳይጨርስ ሜትሩን መዝዞ የፒያኖውን ክዳን መለካት ጀመረ።

«ቁምሳጥኑ ይሄ ነው?» አለ በየዋህነት። «መደርደሪያ ሦስት ይወጣዋል።»

«እጅህን አንሳ» አሉ ሽማግሌው።

«ምነው አባቴ?»

«ፒያኖ ነው።»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ካልተጫወትክበት ግን…»

«ዝም በል! ልጫወት ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ሁለት ዓመት ስለቦዘኑ መጀመሪያ ላይ ተሳሳቱ፤ እርግማን ቢጤ አጉረምርመው እንደገና ጀመሩ። ዜማው ቀስ እያለ መጣ። አናጢው ሜትሩን ወደ ኪሱ ከተተና ገመዱን ከትከሻው አወረደ።

ወደ ክፍተቱ ሦስት ድምፅ ሲቀር ወንድሟ እንደ ልማዱ ትንፋሹን ሳበ። ብሎኗ አልሳበችም፤ የአባቷን ጣት ነበር የምታየው። ጣቱ ከጥቁሯ ቁልፍ በላይ ቆመ፤ ቆየ። ከዚያ የሽማግሌው ከንፈር «እምም» ለማለት እንደተሰናዳ ሁሉ ገጠመ፤ ጣታቸውም ቁልፏ ላይ ወረደ።