ሃያ እንጨት

ልጄን ጦይባን ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍል አዛወርናት ሲሉኝ የምሰፋውን የደንገል ታንኳ ጥዬ ትምህርት ቤት ሄድሁ። በሩን ከፍቼ ሳይ ዘጠኝ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዱ ጆሮው የማይሰማ የከተማ ልጅ ነው። ስምንቱ ምንም ያልጎደላቸው የእኛ የሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች፣ የነገደ ወይጦ ልጆች ናቸው፤ ጦይባም አንዷ ናት።

«ልጄ ምን ሆነች?» አልኋት ተከትላኝ የገባችውን የድሮ ክፍሏን መምህርት ሸዋዬን።

«መቁጠር አትችልም፣ እናት። ሃያ እንጨት ብሰጣት ሁለት ነው አለችኝ።»

«እንጨቱን በክር አላሰረችውም?»

«አስራዋለች። ስትጫወት ነዋ!»

«ምን ጨዋታ አለው! እኛ ደንገል የምንቆጥረው በእስር ነው፤ አሥሩ ዘንግ አንድ እስር ነው። ሁለት እስር ስንት ይሆናል? አንቺው ነሽ መቁጠር ያቃተሽ!»

ሳቀች። «የእናንተ ልጆች እኮ ዓሣ እንጂ ፊደል አይዙም። እዚህ ይሻላቸዋል» ብላ እንድፈርም ወረቀት ገፋችልኝ።

እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ስሜን መጻፍ ግን አያቅተኝም። አልፈረምሁም። ጦይባን እጇን ይዤ የድሮ ክፍሏ አስገባኋትና አብሬያት ተቀመጥሁ። አጠገባችን ያለችው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። ይበልጥ ተጠጋኋት።

«እናት፣ ይውጡ እንጂ!» አለች ሸዋዬ።

«ሃያውን ስትቆጥር ሳትሰሚያት አልወጣም።»

ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን ሰማቻት፤ ስሟንም ወደ ክፍሏ መዝገብ መለሰችው። ይቅርታ የሚባል ግን ካፏ አልወጣም። ሰባቱ የእኛ ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ነገ ከእነሱ አንዱን፣ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ወደ ድሮ ክፍሉ እሄዳለሁ።