ጎህ ሲቀድ የሚመጡ ሰዎች

ሰው ደግ ሲሆንላት ኢንሳፍ መፍራት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ በዚህ ዕድሜ ደግነትን የሚፈራ ማን አለ ትሉ ይሆናል። እሷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች።

ያወቀችው አምና ነው። የእናቷ ታናሽ እህት ኢቲሳም ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ሞተች። ወሬው ሐይቅ ከተማ የደረሰው ሰኞ ነው፤ እናቷ ኑርሀያት የሰማችው ግን ዓርብ። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው። መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬው ነው፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ላይ የሚያስቀብረው የሰፈሩ ማኅበር። ቅሬው ይመክራል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ያስጠራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ሄዶ የሐዘንተኛውን በር ያንኳኳል። እስከዚያ ግን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ባለቤቱ አያውቅም።

በእነዚያ ቀናት ከግድግዳ ወዲያ ያለችው ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ስህን ከቤታቸው አልጠፋችም። ውሃ ቀዳችላቸው፣ ደጃፋቸውን ጠረገችላቸው፣ ሽሮ ሠርታ እያመጣች ከኑርሀያት ጎን ተቀምጣ «ብይ እንጂ ኑሬ፣ ባዶ ሆድሽን አትሁኝ» ትል ነበር። ኑርሀያትም ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ኢቲሳም የላከችላትን ሻርፕ እያሳየች ትጫወታለች። ዓርብ በሩ ሲንኳኳ ተንደርድራ የከፈተችው ኢንሳፍ ናት። ደጁ ሙሉ ሰው ቆሞ ነበር።

ኑርሀያት ኋላ ስህንን አልተቀየመቻትም፤ ወግ ነውና። ኢንሳፍ ግን ስህንንም ራሷንም ተቀየመች። አክስቷ እስከ ዓርብ ድረስ በዚህ ቤት ውስጥ በሕይወት ነበረች፤ ሞቷን ያስገባው በሩን የከፈተው ሰው ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለትልቅ ሰው ቢነግሩት ወይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል፤ ሁለቱም አይጠቅምም።

ዘንድሮ ደግሞ ጦርነቱ መጣ።

አባቷ ጠሃ እህል ነጋዴ ነው። ጥቅምት ውስጥ የስህንን አንድያ ልጅ ዝናውን አስከትሎ፣ ሁለት አህያ እየነዳ፣ ማሽላ ሊጭን ወደ አምባሰል ወጣ። ዝናው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ምን ተሸከመ ሳትጠይቅ አታልፍምና ኢንሳፍን «ሊቀመንበር» እያለ ነው የሚጠራት። ሲሄድም ከአህዮቹ ኋላ ዞር ብሎ «ሊቀመንበር፣ ሰፈሩን አደራ» አላት። እሷም አደራውን የምር ያዘችው።

ማክሰኞ እንመለሳለን ብለው ነበር። ማክሰኞ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ በሳምንቱ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ የእህል ወፍጮው ዝም አለ። ከወደ አምባሰል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ኑርሀያት ምንም እንዳልሰማች ሰው የያዘችውን ሥራ ትቀጥላለች፣ እጇ ግን ይሳሳታል። አንድ ቀን ሽንኩርቱን ጥላ ልጣጩን ድስት ውስጥ ከተተችው። ኢንሳፍ አየቻት፤ እናቷም እንዳየቻት አየች።

ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ስህን እንደ አምናው ትመላለሳለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ከሰዓት ትመጣለች፣ ሥራ ባይኖር ፈልጋ ትሠራለች። ሽሮ ይዛ በገባች ቁጥር ኢንሳፍ «አልራበኝም» ትላለች፤ ስህን ጉርሻ ስትዘረጋላት አፏን ትገጥማለች። እናቷ በባለጌነቷ ተቆጣቻት፤ ቁጣው ግን ጆሮዋ አልገባም። እሷ የምትሰልለው የስህንን ዓይን ነበር፣ የሚያውቅ ዓይን መሆኑን ለመለየት።

ሐሙስ ዕለት ጥርጣሬዋ ቁርጥ ሆነ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሐመድሁሴን ከሁለት ሽማግሌዎችና ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ወርካው ሥር ቆመው ሲነጋገሩ አየች። እሷ ስትቀርብ ወሬው ተቋረጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ፤ በኅዳር ስለ ዝናብ የሚያወራ ገበሬ አይታ አታውቅም። ሼሁ ራሷን ዳበስ አድርገው «አብሽሪ ልጄ» አሏት። አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለት፣ የሚባለው ለሐዘንተኛ መሆኑ አይጠፋትም። ወደ ቤት ሮጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ የእሷ ሆነ። በሩ የቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ አግድም የሚገባ የባሕር ዛፍ መወርወሪያ አለው። ማታ ሁለት ጊዜ ትፈትሸዋለች፤ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ደግሞ ነቅታ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። አባቷ ውጭ የትም ይሙት፣ በዚህ በር ግን ሞቱ አይገባም። ዓርብ ማንም አልመጣም። ቅዳሜ መጡ።

ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣት አንጓ ነው የተንኳኳው። መብራት ከጠፋ ወዲህ ያለ ማጉያ የሚወጣው አዛን ገና አልተሰማም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ስታይ የሼሁ ነጭ ጥምጥም ታያት፤ ከኋላቸው ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። ኑርሀያት ከመኝታዋ ብድግ አለችና መልሳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማን ነው አላለችም። ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ብቻ ታያለች። እናቷ እንዲህ ስትሆን ማየት ለኢንሳፍ ከማንኳኳቱ ይልቅ አስፈራት።

ሼሁ በሹክሹክታ ክፈቱ አሉ። ኢንሳፍ እናቷ እንደሌለች፣ አርዲቦ አገር ወዳለ ዘመድ እንደሄደች ነገረቻቸው። ሼሁ ሊነጋ እንደሆነ፣ ታጣቂዎቹም በሐይቁ ዳር መንገድ ሊያልፉ እንደሚችሉ እየተጨነቁ ነገሯት። እሷ ጀርባዋን ይበልጥ አጥብቃ ገጠመችው።

«አልከፍትም» አለች ድምጿ ከፍ ብሎ። «ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። እኛ አልሰማንም።»

ሩቅ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ከሼሁ ኋላ የቆመው አንዱ ጠጋ አለና አፉን ከቆርቆሮው አስጠጋ።

«ኢንሱዋ፣ እኔ ነኝ። እግሬን አሞኛል፣ ቆሜ አልቆይልሽም።»

መወርወሪያውን እንዴት እንዳወጣችው አታስታውስም፤ ኋላ መዳፏ ላይ ስንጥር ተሰክቶ ነበር። ጠሃ በሁለት ሰው ተደግፎ ገባ። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ግራ እግሩ በሻሽ ተጠቅልሏል፤ የሐይቁ ውሃ እስከ ወገቡ አርሶታል። ዓሣ አጥማጁ ነው በታንኳ ያሻገረው። ኑርሀያት እልልታዋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ኢንሳፍ የአባቷን እጅ ይዛ ሽታው የእሱ መሆኑን አረጋገጠች፤ ማሽላና ላብ። የወርካው ሥር ምክክር ይኼ ነበር፤ ልጅ ሰምቶ እንዳያወራ የተደበቀ የምሥራች።

«ዝናውስ?» አለች ወዲያው። ሊቀመንበር ናትና ሳትጠይቅ አታልፍም።

ጠሃ ስህን ወዳለችበት ግድግዳ ላለማየት ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ያደሩበት ሰፈር ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ልጁ አህዮቹን ሊፈታ ወጥቶ ነበር። ጠሃ በቆሰለ እግሩ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስቀበረው፤ ቄሱ ክርስትና ስሙን ሲጠይቁት አላውቀውም ብሎ አፈረ። ይህን ሲናገር ነው ድምፁ የተሰበረው።

የቅሬው ዳኛ ነገሩን ጨርሰውታል። የስህን እህት ያለችው አርዲቦ ነው፤ ሰው ተልኮባታል፣ ማታ ትገባለች። ቄሱም ያን ጊዜ ይደርሳሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል። እስከዚያ ጠሃ ከቤት ጥግ አይንቀሳቀስ፤ ስህን እሱን ብቻውን ካየችው ሌላ መርዶ አያስፈልጋትም። ስህን ደግሞ በየቀኑ ወደዚህ ቤት የምትመጣ ሴት ናት። ማን ይያዛት? ኑርሀያት እኔ ከሄድኩ ፊቴ ይናገራል አለች። ሁሉም ወደ ኢንሳፍ አዩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን የሚያቦካ ሌላ አልተገኘም።

ኢንሳፍ ማልቀስ አማራት። አምና የጠላችውን ነገር ዘንድሮ ራሷ ልትሠራው ነው። ደግሞ አንድ ነገር አሁን ገባት፦ ስህን እነዚህን ሁለት ሳምንታት የመጣችው አውቃ አይደለም። ልጇ የሌለበት ቤት ውስጥ ብቻዋን መቀመጥ አቅቷት ነው። ኢንሳፍ ደግሞ ጉርሻዋን ገፋችባት።

ረፋዱ ላይ ኑርሀያት ሽሮ በሳህን አድርጋ ሰጠቻት። ስህን ያን ቀን አልመጣችም ነበር። በሯን ገርበብ አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የዝናው ሹራብ ጭኗ ላይ ነው፣ ክርኑን ትጠግናለች። ኢንሳፍ ሳህኑን አስቀመጠችና የስህንን ዓይን ላለማየት ሥራ ፈለገች። ጀሪካኑን ይዛ ወጥታ ውሃ ቀድታ ተመለሰች። መጥረጊያውን አንስታ ደጃፉን ጠረገች። ስህን መርፌዋን ይዛ አየቻት፤ ሌላ ቀን ቢሆን ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች ብላ ትቀልድባት ነበር። ኢንሳፍ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። ከዚያ ሳህኑን አንስታ አቀረበችላት።

«ብይ እንጂ እትዬ ስህን፣ ባዶ ሆድሽን አትሁኝ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የሰማችው። ስህን መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰካች። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሳሉን አፍኖ ሳለ።

«ጎህ ሲቀድ በራችሁ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ» አለች ስህን። «ስትከለክያቸውም ሰምቻለሁ። ተነስቼ ነጠላዬን ለብሼ ለቅሶውን ጠበቅሁ፣ ከእናትሽ ጋር ላለቅስ። ለቅሶ የለም። እሰይ፣ ጠሃ በሕይወቱ ገባ አልኩ። እስኪጠሩኝ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የጠራኝ የለም።»

ኢንሳፍ መጥረጊያውን አጥብቃ ያዘች። አደራዋ ይኼ ነበር፣ ሰፈሩን መጠበቅ፤ አንዲት ሴትን እንኳ ለአንድ ቀን መጠበቅ አልቻለችም። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም።

«አባትሽ ደህና ነው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ተመስገን» አለች ስህን፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች። ቀስ እያለች፣ እያላመጠች፣ እንደ ታዘዘ ሥራ፣ አንድም ሳታስቀር በላችው። እጇን ታጠበች። የዝናውን ሹራብ አጣጥፋ ሳህኑ የነበረበት ላይ አኖረችው።

«ሂጅ፣ ለሼሁ ንገሪያቸው ሊቀመንበር» አለች። «እኔ በሬን አልዘጋም።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቅሬው ተሰብስቦ ሲደርስ ኢንሳፍ ከእናቷ ጋር ከፊት ነበረች፤ ጠሃም በዱላ ተደግፎ መጥቷል። ሼሁ ለማንኳኳት እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስህን ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለሚመጡት ሰዎች መቀመጫ ከየጎረቤቱ ለምና ደጃፉ ላይ ደርድራለች፣ ኢንሳፍ ትናንት ሁለት ጊዜ የጠረገችው ደጃፍ ላይ።