የካፖርቱ ገበር

መምህሩ ካፖርቱን ያመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ተከፍቶ ገና የስፌት መኪናው ሳይወለወል ነበር። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ወሬ ወዳድ ሰው ነው። ወደ ሰፈሩ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፤ የማያውቀው ሰው ግን የለም።

"እጅጌው ይጠርልኝ" አለ። "እኔ አጥሬ ይሁን እሱ ረዝሞ እንጃ፣ ብቻ ወጥ ውስጥ እየገባ ቀድሞኝ ይበላል።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቀችለት። ልኩን በእስፒል ያዘችና "ለሐሙስ ይደርሳል" ብላ ሸኘችው። ከዚያ ካፖርቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እጅጌ ለማሳጠር መጀመሪያ የውስጡን ጨርቅ፣ ገበሩን፣ መፍታት ግድ ነው።

ግራ ብብቱ ስር ገበሩ አንድ ጊዜ ተቀዶ በእጅ ተጠግኗል። ልታልፈው ስትል እጇ እዚያው ቀረ። ስፌቱ የተጋደመው ወደ ተቃራኒው ጎን ነው። የሰፋው ሰው ግራኝ ነው ማለት ነው። እሺ፣ ግራኝ በዓለም ላይ ሞልቷል። ክሩ ያለቀበትን ቦታ ፈለገች፤ ቋጠሮ የለም። በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ አየችው። ክሩ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጠብቋል፤ ትርፉ ጫፍ ደግሞ በሁለቱ ጨርቆች መሃል አንድ ጣት ያህል ገብቶ ተደብቋል።

እንዲህ አድርገው ስፌት የሚጨርሱ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበር የምታውቀው። አንዱ አባቷ ናቸው፤ ዘዴውን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ ራሷ ናት። ሦስተኛዋ ግራኟ ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ከቤት ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ድምጿ ያልተሰማ።

ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

እናታቸው የሞተችው ታናሺቱ ገና በወጉ ቆማ ሳትሄድ ነው። ያሳደገቻት በስምንት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት። ፀጉሯን የምታበጥራት፣ የቤት ሥራዋን የምታሠራት፣ ስታጠፋ የምትቆነጥጣት እሷ ነበረች። "እትዬ" ነበር የምትላት። እትዬ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስትሰፋ ደንበኞች "እቺ ልጅ ጨርቅ ታናግራለች" ይሏት ነበር። ጥልፏን ለማየት ብቻ ቁልፍ ይዘው "ይህን ትከሉልኝ" የሚሉ ሰዎች ሁሉ ነበሩ።

ከዚያ የሙሽራ ቀሚሱ መጣ። የምታገባው የአጎታቸው ልጅ ነበረች። ሙሽራው ደግሞ ቀደም ሲል ዓመት ሙሉ እትዬን ከሱቅ እስከ ቤት ይሸኛት የነበረው ልጅ ነው። አንድ ቀን መሸኘቱን ተወ። ለምን እንደተወ ማንም አላወቀም። እትዬ ቀሚሱን ሁለት ወር ሠራችው። ሊወስዱት በመጡ ዕለት ሲዘረጋ ከደረቱ በታች አንድ ስንዝር ያህል በመቀስ ተሸንትሯል።

"ማነው የነካው?" አሉ አባቷ።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ።

"እንዴት?"

እትዬ ቀሚሱን ማጣጠፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ታናሺቱ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት አፏን የከፈተችው። "ቀንታ ነዋ! እሷን ስለተዋት ነው!" እትዬ ድምፁ ወደ መጣበት ዞረች። ግን ዓይኗ ያረፈው ከእህቷ ፊት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ግድግዳው ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቷ ጨርቅ ሊገዙ በወጡበት አንድ ሻንጣ ይዛ ሄደች።

ታናሺቱ ትምህርቷን ትታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። የአባቷ ጣቶች መገተር ጀምረው ስለነበር ሌላ ሰው አልነበረም። ዓመታት አለፉ። ቀን ቀን ሥራው ያስረሳታል። ግን መንገድ ላይ አንዷ ሌላዋን "እትዬ!" ብላ ስትጣራ ዘወር የምትለው እሷ ናት። ያን ቃል የምትለው ሰው ካጣች ወዲህ አፏ ውስጥ እንዳልተዋጠ ጉርሻ ተቀምጦባት ቀርቷል። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ የምትራመድ ሴት ስታይ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እስከ መንገድ ጥግ ትከተላታለች። ደርሳ ፊቷን ታይና "ይቅርታ፣ ሰው መስለሽኝ ነው" ብላ ትመለሳለች። ለመሆኑ ያቺ ሴት ሰው አይደለችም እንዴ?

አሁን ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች መዳሰስ ያዘች። ከኋላ፣ ወደ ታችኛው ጠርዝ፣ ሌላ ጥገና አገኘች። ይኸኛው ቅርብ ጊዜ የተሰፋ ነው። አጨራረሱ ያው ነው፤ ሦስት ጥምጥም፣ የተደበቀ ጫፍ። የቀረው ግን ሁሉም ተለውጧል። የመጀመሪያው ስፌት ጉንዳን የሄደበት መንገድ ይመስል ደቃቅ ነበር። ሁለተኛው ሰፋፊ ነው፤ ሰፋፊ ቢሆንም እኩል ነው። የሰፋችው ሴት እያንዳንዱን በጥፍሯ ወርድ እየለካች የሄደች ይመስላል። ክሩ ደግሞ ጥቁር ካፖርት ላይ አረንጓዴ ነው።

ካፖርቱን ወስዳ መስኮቱ አጠገብ ለተቀመጡት አባቷ ምንም ሳትናገር ሰጠቻቸው። አባትየው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ከየት አመጣሽው?"

"የመምህሩ ነው። አባባ፣ የእሷ ነው አይደል?"

"የእሷ ነው" አሉ። ቀጥለው አረንጓዴውን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ። "ይሄ ግን አይደለም። እሷ ጥቁርና ጥቁርን የምትለይ ልጅ ናት። ሰክራ ካልሆነ አረንጓዴ አታስገባም።"

"አልሰከረችም። የሰከረ ሰው እኩል አይሰፋም።" ጣቷን አረንጓዴው ክር ላይ አሳለፈች። "አባባ፣ አይታያትም።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ድሮ የተበታተነው ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣባት ጀመር። "ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል" ትላት የነበረው። ወንበሯን በየወሩ ወደ በሩ ታስጠጋ የነበረው። ሲመሽ ሁልጊዜ ያንኑ በርጩማ በእግሯ እየመታች "እንደ እኔ ቀልቃላ የለም" ብላ ትስቅ የነበረው። ጎረቤቶች "ያቺ ልጅ ኮራች፣ ከጎኗ እያለፍን ሰላም አትለንም" ያሉት። ከጎን ነበራ! ከፊት ለፊት የመጣውንማ አቅፋ ነበር የምትስም። የሙሽራዋን ቀሚስ ስትሠራ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልቀበልም ያለችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "እንዴት ቀናች?" እያለች ታናሺቱ ራሷን ስትጠይቅ ኖራለች። የተሳሳተው ጥያቄው ራሱ ነበር።

አባትየው ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያዩ ነበር።

"እኔ ያየሁት የተቀደደውን ቀሚስ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የቀደደችውን ልጅ አላየኋትም።"

ሐሙስ ድረስ መቆየት አልቻለችም። በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሄዳ መምህሩን ከግቢው አስጠራችው።

"ካፖርቴን አቃጠልሽው እንዴ?" አለ ገና ሲያያት።

"ደህና ነው። መምህር፣ ገበሩን የት ነው ያሰፉት?"

"ኦ፣ እሱማ የኖርኩበት ከተማ ነው። ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል አለ፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍላቸው ከውጭም ይቀበላል። መጀመሪያ የተቀደደው እዚያ በሄድኩበት ዓመት ነው፤ ስድስት ዓመት አይሆነውም? የኋላው አምና ነው፤ ብስክሌት ላይ ተይዞ። ማን እንደሰፋው ግን አላውቅም። የምትቀበለው ሻለቃ የሚሏት ሴት ናት። ሻለቃ አይደለችም፤ አንዴ ብታያት ግን ለምን እንዳሏት አትጠይቂም።"

ዓርብ አውቶብስ ተሳፈረች። የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። "ይቅር በይኝ" የሚለውን በሃያ ዓይነት አዘጋጀችው። አንዱም ጆሮዋን ደስ አላሰኘውም።

ሻለቃ ከእንፋሎቱ መሃል እጅጌዋን ሰብስባ ብቅ አለች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

"ልብስ የምትጠግን ሴት እዚህ ትሠራለች ብለውኝ ነበር" አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

"ያለችን አንድ ናት። ጥፋት ተገኝቶባት ከሆነ መጀመሪያ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።"

"የለም፣ የለም። እህቷ ነኝ።"

ሻለቃ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?"

"በአረንጓዴ ክር ነው ያገኘኋት" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አረንጓዴ?" ሻለቃ ግንባሯን መታች። "አምና እረፍት ወጥቼ ነዋ! ክሩን በየቀለሙ የማቀብላት እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት ባልኖር የምን ጉድ ሠሩብኝ!" ወዲያው ረገብ አለችና በአገጯ የውስጡን በር አሳየቻት። "ግቢ። ዝም ብለሽ አታስደንግጫት።"

ክፍሉ ጠባብ ነው። የተኮሰ አንሶላ ይሸታል። እትዬ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ አንድ ነጭ የትራስ ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። ጠጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ቀና ሳትል "ሌላ ካለ እዚያ ቅርጫት ላይ አድርጊው የኔ እመቤት" አለች። ከሆቴሉ ሠራተኞች አንዷ መስላታለች።

ልብስ ሰፊዋ ከሃያው ዓይነት ይቅርታ አንዱንም አላስታወሰችም።

"እትዬ" አለች።

መርፌው ቆመ።

ከዚያ እትዬ እጇን ዘረጋች፤ ታናሺቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው።

"ወፍረሻል" አለች እትዬ ጉንጯን እየዳሰሰች። እያለቀሰችም ትስቅ ነበር።

እትዬ እንባዋን ጠርጋ ነገረቻት። መጀመሪያ ምሽቱ ነው የጠፋባት፤ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ። "በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ቀዳዳው በየዓመቱ ይጠባል። ያን ልጅ ራሴ ነኝ አትሸኘኝ ያልኩት፤ ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ባለኝ ሳምንት። ቀሚሱ ላይ የተረፈች ክር ልቆርጥ ነበር። ጨርቁ መቀሱ መሃል መግባቱን አላየሁም።"

"ለምን አልተናገርሽም? አንድ ቃል!"

"ብናገር አንቺ ምን ትሆኚ ነበር? አባባ ያረጃል፣ እኔ እጨልማለሁ፣ አንቺ ደብተርሽን ጥለሽ ሁለት ሰው ስትጎትቺ ትኖሪያለሽ። እሱን ነው የፈራሁት።" እጇን አጥብቃ ያዘቻት። "ጨረስሽ አይደል? ትምህርትሽን?"

ታናሺቱ እጇን ልትስብ ሞከረች። እትዬ የያዘችውን እጅ ገለበጠች። በአውራ ጣቷ የእህቷን ጣቶች አንድ በአንድ ሄደችባቸው። ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ በመርፌ ተወጋግቶ የጠነከረውን ቆዳ አገኘች። መካከለኛው ጣት ላይም የመቀሱ እጀታ ያወጣውን ጠባሳ አገኘች። ያን ቆዳ ለመለየት ነጋሪ አያስፈልጋትም፤ የራሷም እጅ ላይ አለ።

"ወይኔ" አለች ቀስ ብላ። "ወይኔ፣ የኔ ልጅ።"

"ግድ የለም እትዬ።"

"ግድ አለው።"

ተቃቅፈው ቆዩ። ከወዲያ የሻለቃ ፊሽካ ይሰማል።

"የዚያን ቀን ያልኩሽን..." አለች ታናሺቱ።

"አስታውሰዋለሁ።" አልዋሸቻትም። "ብዙ ዓመት አሞኛል። ግን አንቺ ልጅ ነበርሽ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተመቸኝ። አልታይ ብሏት ነው ከሚሉኝ ቀንታ ነው ቢሉኝ ቀለለኝ። ደብዳቤ ለማስጻፍም አፈርኩ። ሁለቴ አውቶብስ ተራ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።"

"አባባ ይዘሻት ነይ ብሏል።"

እትዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። "እዚህ ስንት እርምጃ የት እንደሚያደርሰኝ እግሬ ያውቃል። ቤት አለኝ፤ ሥራ አለኝ፤ ሻለቃም አለችኝ። እዚያ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ አዲስ መማር ነው። መጥቼ አባባን አየዋለሁ... አየዋለሁ አልኩ እንዴ?" ሳቀች። "መጥቼ እዳስሰዋለሁ በይው። ለመኖር ግን እመጣለሁ አልልሽም።"

ታናሺቱ ስትመጣ የናፈቀችው ወደ ቤት የምትመለስ እህት ነበር። ያገኘቻት የራሷ ቤት ያላት ሴት ናት። ደስታው እውነት ነው፤ ግን ልክ አልሆነላትም፤ አንድ ቦታ ላይ ጠበበባት።

እሑድ ቀትር ላይ እትዬ እስከ አውቶብስ ተራ ሸኘቻት። ታናሺቱ ክንዷን ይዛ ስትስባት እትዬ ቆም አለች።

"አትጎትቺኝ። ክርንሽን ብቻ ስጪኝ፤ እኔ እከተላለሁ። ደረጃ ሲኖር ንገሪኝ።"

"ደረጃ የለም።"

"በኋላ ይኖራል፤ ሦስት ነው።"

እውነትም ሦስት ነበር።

አውቶብሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየቻት። እትዬ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ የምትሰናበተው ግን አጠገቡ የቆመውን ሌላ አውቶብስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ታግላ ከፈተችው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት።

"እትዬ! በዚህ ነኝ! በዚህ!"

እትዬ ወደ ድምፁ ዞረች። እጇን ሳታወርድ፣ አውቶብሱ እየራቀ ሲሄድም፣ ማወዛወዙን ቀጠለች።