የእማማ አልጣሽ ማር

ሰብሌ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ስትከፍት ያጣችው ማር አልነበረም፤ ገዢ ነው። የማንኪራ ገበሬዎች ከጫካ የሚቆርጡትን ማር ያመጡላታል፤ እሷ አጥልላ በብልቃጥ ትሞላለች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተመችውን ስቲከር ትለጥፋለች፣ ትደረድራለች። መንገደኛው ግን አይቶ ያልፋል። በሬዲዮ ለማስነገር ዋጋ ብትጠይቅ ደንግጣ ተመለሰች። በመጨረሻ አስተማሪው ባሏ ፈለቀ፣ ስልክ እያለን ምን ሬዲዮ አስፈለገን አለና አንድ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ቪዲዮ ሊቀርጻት ቆመ።

ሰብሌ ምላሷ ተሳሰረ። ይሄኔ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት አማቷ፣ እማማ አልጣሽ፣ ብልቃጡን ከእጇ ተቀብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሳንባዬን ታምሜ አልጋ ላይ ቀርቼ ነበር። ያነሳኝ ይሄ የልጄ ማር ነው» አሉ።

እንዲህ በሉ ያላቸው የለም። ምራታቸው አንጀታቸውን ብትበላቸው ነው።

ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ከወጣ በኋላ የሰብሌ ስልክ ዕረፍት አጣ። ከዋጫ ይደወላል፣ ከጅማ ይደወላል፤ መደርደሪያው በሞላ ቁጥር ይራቆታል። የማንኪራ ሰዎችም ሌላውን ነጋዴ ትተው ማራቸውን ለእሷ ብቻ ማምጣት ጀመሩ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። የሚደውለው ሁሉ ስለ ማሩ ጣዕም አይጠይቅም፤ ስለ ሳል፣ ስለ ስኳር፣ ስለ እጢ ነው የሚጠይቀው። እሷ ደግሞ እውነቱን ታውቃለች። እማማ አልጣሽን ያዳናቸው ወራት ሙሉ የዋጡት የቲቢ ኪኒን ነው፤ ማሩ የአፋቸውን ምሬት መለወጫ ነበር። እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ያመላለሰቻቸውም ራሷ ነች።

ቪዲዮውን እናጥፋው ብላ ለፈለቀ ብትነግረው ፊቱ ተለወጠ። እናቴን በአገር ፊት ውሸታም ልታሰኚያት ነው ወይ አላት። እማማ አልጣሽማ ከባላቸው ሞት ወዲህ እንዲህ ደምቀው አያውቁም። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይስማቸዋል፤ እሳቸውም በየማለዳው ሱቁ በር ላይ ተሰይመው ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ በተናገሩት ቁጥር ኪኒኑ ከታሪኩ እየራቀ ሄደ። ሰብሌ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ትሰማለች። ብትናገር ቤቷ ይፈርሳል፤ ዝም ብትል ደግሞ ማሩን የምትሸጠው እሷ ነች።

አንድ ሐሙስ አሞጽ የሚባል ገበሬ ልጁን ሃሌሉያን ይዞ ከቢታ ገነት መጣ። ልጅቷ ከስታለች፤ አፏን በሻሽ ሸፍና ትስላለች። ትልቁን ብልቃጥ ስጪኝ አለ። ሰብሌ ሕክምና ጀምራ እንደሆነ ጠየቀችው። የቲቢ ኪኒን ጀምራ ነበር፤ ሆዷን ሲያቃጥላት፣ እሱም ቪዲዮውን ሲያይ፣ አስቆማት።

«ጋሼ፣ ማሩን አልሸጥልዎትም» አለች ሰብሌ። «እማማም የዳኑት በኪኒን ነው።»

ሰውየው ወደ በሩ ዞረ። «እውነት ነው እናቴ?»

እማማ አልጣሽ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያም ሊሰማ የተሰበሰበውን ሰው አዩ።

«እኔን ያዳነኝ ማሩ ነው» አሉ።

አሞጽ ዋጋ ልታስወድድበት መስሎት ተቆጥቶ ወጣ። ሰብሌ ሱቁን ለአማቷ ጥላ ተከተለችው። መናኸሪያው በር ላይ ደረሰችበትና የልጅቷን እጅ ያዘች፤ ሰው እስኪሰበሰብ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የሚነግሩትን ሰምቶ ካላመነ ማሩን በነጻ እንደምትሰጠው ቃል ገባችለት፤ ባጃጅ ጠርታ አብራቸው ሄደች። ነርሷ አሞጽን ለብቻው አስቀምጣ ረጅም ሰዓት አናገረችው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ማሩንም አልጠየቀም። ልጅቷ መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች።

ሰብሌ በዚያው ቀን ቪዲዮውን አጠፋች። ግን ስንቱ አውርዶ ስንቱ እንደገና ለጥፎታል። እማማ አልጣሽም በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብለው ከዚያ ወዲህ ሱቋ ደርሰው አያውቁም። ማዶ ያለው ማር ነጋዴ ወንበር አወጣላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የእሱን ብልቃጥ ይዘው፣ «ያነሳኝ ይሄ ማር ነው» ሲሉ አገር ሁሉ አየ። ቤት ውስጥ ሰብሌ ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው። ፈለቀም በሁለቱ መካከል አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል።

ትናንት ጠዋት የማንኪራ ሰዎች በር ላይ ማር ሲያራግፉ ከዋጫ አንዲት ሴት ደወለች። የቪዲዮዋ ሴትዮ ማር አንቺ ጋ ነው ወይ አለች።

«ማር አለኝ» አለች ሰብሌ። «መድኃኒት ግን አይደለም።»

«ገባኝ እህቴ፣ እንዳትጠየቁ ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት። ሁለት ብልቃጥ ላኪልኝ፤ ለአባቴ ነው፣ ሳሉ አላስተኛ ብሎታል።»

ገበሬዎቹ አራግፈው ጨርሰው ነበር። ሰብሌ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ማዶ ከተቀመጡት አማቷ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሴትየዋን፣ አባትሽን ሐኪም አይቷቸዋል ወይ ብላ መጠየቅ ጀመረች።